800 ዩኒት ቪታሚን ኢ፦ የአንድ ትንሽ ጥናት ረጅም ጉዞ

በኦክቶበር 2000 ላንሴት የተባለው የእንግሊዞች የሕክምና መጽሔት ከእስራኤል የመጣ አንድ ጥናት አሳተመ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጥናቱ ስፔስ ይባላል። የተሠራው በስድስት የኩላሊት እጥበት ማዕከላት ነው። የተሳተፉት ሰዎች 196 ብቻ ናቸው። የተሞከረው ደግሞ አዲስ መድኃኒት አይደለም። ማንኛውም ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የሚገኝ ቪታሚን ኢ ነው፣ በቀን 800 ዩኒት።

ውጤቱ ሲታይ ቪታሚኑን የወሰዱት ሰዎች ላይ የደረሰው የልብና የደም ሥር አደጋ ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ዓይነት ውጤት የሚያመጣ ውድ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ በማግስቱ የዓለም መነጋገሪያ ይሆን ነበር።

ዛሬ ግን ቪታሚን ኢ የእጥበት ሕክምና አካል አይደለም። እንዲያውም የአሜሪካ ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽን በ2020 ባወጣው የአመጋገብ መመሪያ ላይ፣ በእጥበት ላይ ላሉ አዋቂዎች ቪታሚን ኤም ሆነ ቪታሚን ኢ በመደበኛነት ባይታዘዝ ይሻላል ይላል። ምክንያቱ ደግሞ መመረዝ ሊያስከትሉ ስለሚችሉ ነው።

ከ“በግማሽ ቀነሰ” ተነስቶ “ባይሰጥ ይሻላል” ላይ እንዴት ተደረሰ? የዚህ ጉዳይ ጥናት ጥያቄ ይሄ ነው።

ለምን እጥበት ላይ ያሉ ሰዎች ተመረጡ?

ኩላሊቱ ሙሉ በሙሉ የደከመ ሰው ሁሉም የሚፈራው ኩላሊቱን ነው። በብዛት የሚገድለው ግን ልብ ነው። በ1974 ከአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ የወጣ ጥናት ለረጅም ጊዜ እጥበት ላይ የቆዩ ሰዎች የደም ሥሮቻቸው ያለ ዕድሜያቸው እንደሚደድሩ አሳይቶ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በእጥበት ላይ ያሉ ሰዎች በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ ከ10 እስከ 20 ጊዜ እንደሚበልጥ በስፋት ይጠቀስ ጀመር። ወጣቶቹ ላይማ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል።

ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራ። እነዚህ ሁሉ ተደምረው እንኳን ይህን ያህል ልዩነት አያስረዱም። ስለዚህ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ጣታቸውን የቀሰሩት ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚባለው ነገር ላይ ነበር።

ነገሩ ቀላል ኬሚስትሪ ነው። ተከፍቶ የቆየ ዘይት ሽታው ሲቀየር አስተውላችሁ ይሆናል። ዘይቱ ከአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ነው የሚበላሸው፤ ይህ ኦክሲዴሽን ይባላል። አንዱ የስብ ሞለኪውል ሲበላሽ ጎረቤቱን ያበላሻል፣ ያም ቀጣዩን፣ እያለ በሰንሰለት ይሄዳል። ሰውነታችን ውስጥም የሴሎች ግድግዳ ስብ ነው። መጥፎው ኮሌስትሮል የሚባለው ኤልዲኤልም በስብ የተሞላ ነው። ኤልዲኤል በዚህ መንገድ ሲበላሽ ነጭ የደም ሴሎች ይውጡታል፣ ከዚያ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ተከማችተው ይቀራሉ። የደም ሥር መጥበብ አንዱ መነሻ ይሄ ነው።

ቪታሚን ኢ ይህን ሰንሰለት መሃል ላይ የሚቆርጥ ነው፤ እንዲህ ኦክሲዴሽንን የሚከላከሉ ነገሮች አንቲኦክሲደንት ይባላሉ። በስብ ስለሚሟሟ እዚያው ስቡ ውስጥ ይቀመጣል። የሚበላሸውን ሞለኪውል ጉዳት ራሱ ላይ ይቀበልና ሰንሰለቱ እዚያ ጋ ይቆማል። ከዚያ ደግሞ ቪታሚን ሲ መጥቶ ያድሰዋል፣ እንደገና ሥራውን ይጀምራል።

አሁን አንድ የእጥበት ቀን አስቡ። ሰውየው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል ይተኛል። ደሙ ከሰውነቱ ወጥቶ በማጣሪያው ክሮች ውስጥ ያልፋል። ነጭ የደም ሴሎቹ ይህን ባዕድ ነገር ሲነኩ ይቆጣሉ። ሲቆጡ ደግሞ ያንኑ አበላሽ የኦክስጅን ዓይነት ይረጫሉ። ለደም ማነስ የሚሰጠው በደም ሥር የሚገባ አይረንም ነገሩን ያባብሳል። በዚህ ላይ ቪታሚን ሲ በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ከቆሻሻው ጋር አብሮ ታጥቦ ይወጣል። ቪታሚን ኢ ግን ከስብ ጋር ስለሚጓዝ ማሽኑ አያወጣውም። ይቀራል፣ ነገር ግን የሚያድሰው ባልደረባው የለም።

እና “እሳቱ የበዛበት ቦታ ላይ ውሃው ቢጨመርስ?” የሚለው ሐሳብ ሞኝነት አልነበረም። ይህ መታወቅ አለበት። ኋላ ላይ የመጣውን ውድቀት ይዘን ሐሳቡን ከመነሻው ማጣጣል ተገቢ አይመስለኝም።

ጥናቱ እንዴት ተሠራ?

ስፔስን የሠሩት ሞና ቦአዝ እና ባልደረቦቻቸው የመረጧቸው ሰዎች ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 75 የሆኑ፣ እጥበት ላይ ያሉና አስቀድሞ የልብ ወይም የደም ሥር በሽታ የተገኘባቸው ናቸው። ማለትም ዳግም አደጋ ሊደርስባቸው የሚችሉ፣ ሪስካቸው ከፍተኛ የሆነ ሰዎች። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 97ቱ ቪታሚን ኢ፣ 99ኙ ደግሞ ምንም የሌለው ማስመሰያ ክኒን ወሰዱ። ማን ምን እንደሚወስድ ሐኪሙም ታማሚውም አያውቁም። አሠራሩ በዚህ በኩል ንጹሕ ነው።

መጠኑ ላይ ትንሽ እንቆይ። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ቪታሚን ኢ 15 ሚሊግራም ነው። ከተፈጥሮ በሚገኘው ዓይነት ሲሰላ ይህ 22 ዩኒት ገደማ ነው። 800 ዩኒት ማለት የዕለት ፍላጎቱን ከ35 ጊዜ በላይ መውሰድ ነው። ይህን ያህል ቪታሚን ኢ ከምግብ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ የተሞከረው “ጥሩ አመጋገብ” አይደለም። ቪታሚንን እንደ መድኃኒት፣ በመድኃኒት ዶዝ መስጠት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ “ቪታሚን ነው፣ ምን ያደርጋል?” ይላል።

ክትትሉ በመካከለኛ ስሌት 519 ቀን ቆየ። አንድ ዓመት ከአምስት ወር ገደማ ነው።

የሚቆጠሩት አደጋዎች በአንድ ላይ የተጠቀለሉ ነበሩ። ሃርት አታክ፣ በደም መርጋት የሚመጣ ስትሮክ፣ የእግርና የእጅ ደም ሥር በሽታ፣ እንዲሁም ድንገት የሚባባስ የደረት ሕመም። ከእነዚህ አንዱ የደረሰበት ሰው ይቆጠራል።

ማስመሰያውን ከወሰዱት 99 ሰዎች 33ቱ ላይ ደረሰ። ቪታሚን ኢ ከወሰዱት 97 ሰዎች ደግሞ 15ቱ ላይ። በመቶኛ 33 እና 16 ማለት ነው። ሃርት አታክ ብቻውን ሲታይ ልዩነቱ የባሰ ነው፤ 17 ለ5። በስታቲስቲክስም ቢሆን ውጤቱ “በአጋጣሚ የመጣ ነው” ተብሎ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም።

ሪፖርቱ የማይጮኸው ክፍል

በአጠቃላይ ሞት ላይ ግን ለውጥ አልታየም። በልብና በደም ሥር በሽታ በሚመጣ ሞትም ላይ አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም። ከሃርት አታክ ውጭ ያሉት ሌሎቹ አደጋዎችም ለየብቻ ሲታዩ እንደዚያው።

እንዴት ይሆናል? ሃርት አታክ በዚህን ያህል ቀንሶ የሞተው ሰው ቁጥር እንዴት አይለወጥም? አንዱ መልስ እጥበት ላይ ያለ ሰው የሚሞተው በብዙ መንገድ ነው የሚል ነው። የልብ ምት ድንገት ተዛብቶ የሚሞት አለ። በኢንፌክሽን የሚሞት አለ። ቪታሚን ኢ ለእነዚህ ምንም ላያደርግ ይችላል። ሌላው መልስ ደግሞ 196 ሰውና አንድ ዓመት ተኩል የሞትን ልዩነት ለማሳየት አይበቃም የሚል ነው። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስተኛው መልስ ግን ደስ አይልም፤ ውጤቱ ራሱ ከእውነተኛው በላይ ተጋንኖ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ለምን እንደዚያ እላለሁ? በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት 18 ሰው ነው። ጥናቱ ራሱ ያስቀመጠው የእርግጠኝነት ክልልም ሰፊ ነው። እውነተኛው ጥቅም አደጋውን በ73 በመቶ እስከመቀነስ ሊደርስ ይችላል፣ ወደ 22 በመቶም ሊወርድ ይችላል። ትንሽ ጥናት ላይ ትልቅ ውጤት ሲታይ፣ ትልቅ ጥናት ሲደገም ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ይከሳል። በልብ ሕክምና ይህ ተደጋግሞ የታየ ነገር ነው።

ቪታሚን ኢ ላይ ደግሞ ቀድሞውኑ ታይቷል። በ1996 ከካምብሪጅ የወጣው ኬኦስ የተባለ ጥናት 2,002 የልብ ሕመምተኞችን ይዞ ነበር። እነሱ ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች አይደሉም። ክትትሉ 510 ቀን ነው፣ ከስፔስ ጋር የሚቀራረብ። ለሞት ያላደረሰ ሃርት አታክ ቪታሚን ኢ በወሰዱት ላይ 14፣ ባልወሰዱት ላይ 41 ሆነ። ሞት ግን አልቀነሰም። የስፔስ ውጤት ቁርጥ ይህንኑ ይመስላል። ያኔም ዓለም ተደስቶ ነበር።

ከዚያ ትልልቆቹ መጡ። በ1999 የጣሊያኑ ጂሲ ጥናት 11,324 ሃርት አታክ የደረሰባቸው ሰዎችን ይዞ በቀን 300 ሚሊግራም ሞከረ። የሚያስተማምን ጥቅም አልታየም። በጃንዋሪ 2000 ደግሞ ሆፕ የተባለው ጥናት 9,541 ሰዎችን ለአራት ዓመት ተኩል ገደማ ተከታትሎ 400 ዩኒት ሞከረ። ምንም። (የሚገርመው ያው ሆፕ በሌላ በኩል ራሚፕሪል የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ሞክሮ ትልቅ ጥቅም አገኘበት። ቪታሚኑን የጣለው ጥናት ራሚፕሪልን ዝነኛ አደረገ። ራሚፕሪል ዛሬም ለብዙ የኩላሊት ሕመምተኞች ይታዘዛል።)

ስለዚህ ስፔስ በኦክቶበር ሲወጣ ቪታሚን ኢ ለልብ ያለው ተስፋ ሊቀበር ተቃርቦ ነበር። ደጋፊዎቹ የያዙት መከራከሪያ አንድ ነው። “እጥበት ላይ ያለ ሰው ከሌላው ይለያል፤ የእሱ ጉዳት በብዛት ከኦክሲዴሽን የሚመጣ ነው፤ ለሌላው ያልሠራው ለእሱ ሊሠራ ይችላል” የሚል።

መከራከሪያው ሲፈተን

ፈተናው በሁለት በኩል መጣ።

አንደኛው ከሆፕ ውስጥ የወጣ ነው። ከተሳታፊዎቹ መካከል 993ቱ ኩላሊታቸው በመጠኑ የደከመ ነበር። የእነሱ ውጤት በ2004 ለብቻው ታተመ። 400 ዩኒት ቪታሚን ኢ ለልባቸው ምንም አላደረገም። ግን እነዚህ ሰዎች እጥበት ላይ አልነበሩም። ዶዙም ግማሽ ነው። ስለዚህ ስፔስን በቀጥታ አያፈርሰውም።

ሁለተኛው ይበልጥ ይቀርባል። በ2014 የታተመው ፓዝ የተባለው የአሜሪካ ጥናት እጥበት ላይ ያሉ 353 ሰዎችን ይዞ ነበር። የተሰጣቸው የተለያዩ የቪታሚን ኢ ዓይነቶች ቅልቅል በቀን 666 ዩኒት፣ ከእሱ ጋር ደግሞ አልፋ ሊፖይክ አሲድ የተባለ ሌላ አንቲኦክሲደንት 600 ሚሊግራም። ጊዜው ስድስት ወር ነው። የተለካው ሃርት አታክ ወይም ሞት አልነበረም። በደም ውስጥ ያሉ የብግነትና የኦክሲዴሽን ምልክቶች ናቸው። ምልክቶቹ አልቀነሱም።

ይህ ለኔ ከሁሉም የከበደው ማስረጃ ነው። ቪታሚን ኢ ልብን የሚጠብቀው ኦክሲዴሽንን በመቀነስ ነው ከተባለ፣ መጀመሪያ መቀነስ ያለበት ኦክሲዴሽኑ ነው። እሱ ካልቀነሰ ሃርት አታክን በምን መንገድ ቀነሰው? ወይ መንገዱ ሌላ ነው፣ ወይ የ2000ው ውጤት በከፊል ዕድል ነበር።

ሆኖም ለስፔስ አንድ ነገር መመስከር ይገባል። ፓዝ የተጠቀመው ሌላ የቪታሚን ቅልቅል ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው፣ የለካውም ሌላ ነገር ነው። በተመሳሳይ ዶዝ፣ በተመሳሳይ ሰዎች ላይ፣ በሺዎች በሚቆጠር ተሳታፊ ሃርት አታክንና ሞትን የቆጠረ ድጋሚ ጥናት አልተሠራም። ስለዚህ ስፔስ ውድቅ ተደረገ ማለት አይቻልም። ተትቶ ቀረ ማለት ይቀላል።

ለምን ተተወ? የኔ ግምት ይሄ ነው። ቪታሚን ኢ ላይ የባለቤትነት መብት ይዞ የሚያተርፍ ኩባንያ የለም። ትልቅ ጥናት ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይበላል። በዚህ ላይ ከ2005 ጀምሮ የደኅንነት ጥያቄው ሲነሣ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎችን ማሳመንም ከበደ።

በ2012 ኮክሬን የተባለው የማስረጃ ገምጋሚ ተቋም በኩላሊት ሕመምተኞች ላይ የተሠሩ 10 የአንቲኦክሲደንት ጥናቶችን፣ በድምሩ 1,979 ሰዎችን፣ አንድ ላይ አይቶ ነበር። በጥቅሉ ሲታይ ለልብ ጥቅም አልተገኘም። እጥበት ላይ ያሉት ብቻ ተለይተው ሲታዩ ግን ጥቅም ያለ ይመስላል ተባለ። ያ “ይመስላል” የመጣው ከሁለት ትንንሽ ጥናቶች ነው። አንዱ ስፔስ ነው። ሌላው በ2003 ከጀርመን የወጣ፣ 134 ሰዎች ላይ አሲቲልሲስቲን የተባለ መድኃኒት የሞከረ ነው። በድምሩ 330 ሰው። በእነዚህ ብቻ ላይ ተመሥርቶ የዓለምን የእጥበት ሕመምተኛ ሁሉ 800 ዩኒት ማስዋጥ ይከብዳል።

ጉዳቱ ከየት መጣ?

በ2005 የ19 ጥናቶች ድምር፣ ከ135,000 በላይ ሰዎች፣ አንድ የማይመች ነገር አሳየ። በቀን 400 ዩኒትና ከዚያ በላይ በሚወስዱት ላይ ሞት በትንሹ ከፍ ያለ ነበር። ስሌቱ ተተችቷል፣ ክርክሩም አላለቀም። በዚያው ዓመት የሆፕ ተከታይ ጥናት ቪታሚን ኢ በሚወስዱት ላይ የልብ ድክመት መጨመሩን ዘገበ። በ2008 የአሜሪካ ሐኪሞች ራሳቸው የተሳተፉበት የ14,641 ወንዶች ጥናት በጭንቅላት ውስጥ ደም በመፍሰስ የሚመጣው ስትሮክ መጨመሩን አሳየ። በ2011 ደግሞ ሴሌክት የተባለው ከ35,000 በላይ ወንዶች ያሉበት ጥናት በቀን 400 ዩኒት በወሰዱት ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ ከፍ ብሎ አገኘ።

ከእነዚህ ውስጥ እጥበት ላይ ላለ ሰው ይበልጥ የሚያሳስበው የደም መፍሰሱ ነው። ቪታሚን ኢ ሲበዛ የቪታሚን ኬን ሥራ ያደናቅፋል። ቪታሚን ኬ ደግሞ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሮቲኖች የሚሠሩበት ነው። እጥበት ላይ ያለ ሰው በየጊዜው ደሙ ማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጠዋል። ኩላሊት ሲደክም ደም እንዲረጋ የሚያግዙት ፕላትሌት የሚባሉ የደም ክፍሎችም በደንብ አይሠሩም። ዋርፋሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም ብዙ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ክንዱ በወፍራም መርፌ ይወጋል። እዚህ ላይ ሌላ ደም የሚያቀጥን ነገር መደረብ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

የእህቷ ታሪክ፦ ቪታሚን ኤ

በስብ ከሚሟሟት አንቲኦክሲደንቶች ሌላዋ ቪታሚን ኤ ናት። የእሷ ጉዳይ ከቪታሚን ኢ ይልቅ ግልጽ ነው፤ ክርክርም የለበትም ማለት ይቻላል።

ቪታሚን ኤ ጉበት ውስጥ ትከማቻለች። ወደ ደም ስትወጣ ብቻዋን አትሄድም። የሚሸከማት ትንሽ ፕሮቲን አለ። ይህ ፕሮቲን ቪታሚኗን አድርሶ ከጨረሰ በኋላ በኩላሊት ማጣሪያ ያልፍና እዚያው ተሰባብሮ ያልቃል። ኩላሊት ሲደክም ግን መሄጃ ያጣል። ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ቪታሚን ኤንም ይዞ ይቆያል። የእጥበት ማሽኑ ደግሞ አያወጣውም። ስለዚህ ኩላሊቱ የደከመ ሰው አንድም የቪታሚን ኤ ክኒን ሳይውጥ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ከጤነኛ ሰው በላይ ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ላይ በየቀኑ መልቲቪታሚን ሲጨመርበት መመረዝ ሊመጣ ይችላል። ምልክቶቹ የቆዳ መድረቅና ማሳከክ፣ የፀጉር መሳሳት፣ የአጥንት ሕመም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ በደም ውስጥ ካልሲየም መብዛት ናቸው። ችግሩ እነዚህ ምልክቶች እጥበት ላይ ያለ ሰው ያለ ቪታሚን ኤም የሚያያቸው መሆናቸው ነው። ማሳከክ? የኩላሊት ነው ይባላል። አጥንት ማመም? እሱም የኩላሊት ነው። መመረዙ ተሸፍኖ ሊቆይ ይችላል። የካልሲየሙ መብዛት ደግሞ የደም ሥሮች እንዲደድሩ የሚያግዝ ነው፤ ማለትም ልብን ለማዳን የተወሰደ ቪታሚን ልብን ወደሚጎዳው መንገድ ሊወስድ ይችላል።

ለኩላሊት ሕመምተኞች ተብለው የሚሠሩ ቪታሚኖች ቢ ቪታሚኖችን፣ ፎሊክ አሲድንና ጥቂት ቪታሚን ሲን ብቻ የሚይዙት በዚህ ምክንያት ነው። ቪታሚን ሲም ቢሆን በልክ ነው፤ ሲበዛ ኦክሳሌት ወደሚባል ነገር ተለውጦ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል።

ክኒኑን ሳይውጡ

አንድ ብልህ ሙከራ እዚህ ጋ ሳይጠቀስ ማለፍ የለበትም። የጃፓን አምራቾች “ጉዳቱ የሚጀምረው ደሙ ማጣሪያውን ሲነካ ከሆነ፣ ቪታሚን ኢውን ለምን ማጣሪያው ላይ አንቀባውም?” ብለው አሰቡ። በ1990ዎቹ ውስጥ በቪታሚን ኢ የተለበጠ ማጣሪያ ገበያ ላይ ዋለ። የኦክሲዴሽን ምልክቶችን እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። የሰውን ዕድሜ ማራዘሙን ያረጋገጠ ትልቅ ጥናት ግን የለም። ሐሳቡ ግን ደስ ይላል። ሰውነትን በሙሉ ከማጥለቅለቅ ይልቅ ጉዳቱ የሚነሣበትን ቦታ መፈለግ ነው።

ምግብስ? ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህንን ነው፣ መልሱ ግን አይመችም። ቪታሚን ኢ በብዛት የሚገኝባቸው ሱፍ፣ ኦቾሎኒና ሌሎች የቅባት እህሎች ፖታሲየምና ፎስፈረስም የሞላባቸው ናቸው። ጎመን ቪታሚን ኬና ቤታ ካሮቲን አለው፤ ፖታሲየሙ ግን ቀላል አይደለም፤ ዋርፋሪን ለሚወስድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እጥበት ላይ ያለ ሰው “ቀንስ” የሚባለው በአብዛኛው አንቲኦክሲደንት ያለበትን ምግብ ነው። እንደ ሱፍ ያለ ዘይት በልኩ መጠቀም ከእነዚህ ሁሉ ይሻላል፤ ዘይቱ ቪታሚን ኢውን ይዞ ፖታሲየሙን እዚያው ፋጉሎው ጋ ትቶ የሚመጣ ስለሆነ። ዱለት ለሚወድ ሰው ደግሞ አንድ ቃል፦ ጉበት ከማንኛውም ምግብ በላይ ቪታሚን ኤ አለው። ጥቂት ጉርሻ እንኳን የቀኑን ፍላጎት ይሞላል። አዘውትሮ መብላቱን ለኩላሊት ሐኪሙ ቢነግር ጥሩ ነው።

እኛ አገር ሌላ የሚገባበት በር አለ። ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ቪታሚን አይጠፋም። “ለእማዬ ኩላሊት ጥሩ ነው ብለውኝ ነው” ተብሎ ይሰጣል። ማንም ክፉ አላሰበም። ግን ብልቃጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። “ሬቲኖል”፣ “ሬቲኒል ፓልሚቴት” ወይም “ሬቲኒል አሲቴት” የሚል ካለበት ቪታሚን ኤ ነው፤ እጥበት ላይ ላለ ሰው ሐኪም ሳያዝ አይሰጥ። “ቶኮፌሮል” የሚል ካለ ቪታሚን ኢ ነው። ከጎኑ ያለው ቁጥር 400 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በተለይ ዋርፋሪን ለሚወስድ ወይም በቅርቡ ቀዶ ጥገና ለሚደረግለት ሰው፣ ብልቃጡን ይዞ ቀጣዩ የእጥበት ቀን ላይ ለሐኪሙ ማሳየት ነው። ነርሶቹም ቢያዩት አይጠላም፤ ሄፓሪኑን የሚሰጡት እነሱ ናቸውና።